መዝገቡና ሮስተሩ፦ የጉለሌ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማንን አስተማረ?



በአገራችን በየትኛውም የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢሮ ሁለት ዓይነት ሰነድ ይገኛል። አንደኛው የምዝገባ መዝገብ ነው። የልጁ ስም፣ ዕድሜው፣ ጾታው፣ የወላጁ ወይም የአሳዳጊው ስም፣ የሚኖርበት ወረዳና ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ እንደሆነም የመልቀቂያው ነገር ይጻፍበታል። ሁለተኛው ሮስተር ነው። የየትምህርቱ ውጤት፣ ድምር፣ አማካይና ደረጃ፣ በመጨረሻም «ተዛውሯል» ወይም «ይደግማል» የሚል ፍርድ ይሰፍርበታል። መዝገቡ ማን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ሮስተሩ ደግሞ የተቀመጠው ልጅ ስንት እንዳመጣ ይነግረናል።

ስለ ትምህርት ጥራት በምናደርገው ክርክር ውስጥ ሮስተሩ ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መዝገቡ ግን ከቁም ሣጥኑ አይወጣም። «በእኛ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ይናገር ነበር» የሚለው አባባል የሚነጻጸሩት ልጆች አንድ ዓይነት እንደሆኑ ይገምታል። በዚህ ንግግር ይህንን ግምት ልፈትሽ እፈልጋለሁ። መከራከሪያዬ አጭር ነው፦ ባለፈው አንድ መቶ ዓመት በጉለሌና በዙሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማሪው ማንነት ደጋግሞ ተለውጧል፤ እኛ ግን የየዘመኑን ውጤት የምናወዳድረው መዝገቡ እንዳልተለወጠ አድርገን ነው። ከዚህም የተነሳ ሁለት ስሕተት እንሠራለን። የጥንቱን ትምህርት ቤት ባልደከመበት እናወድሳለን፤ የዛሬውን ልጅ ባላጠፋው እንወቅሳለን።

የማንንም ትምህርት ቤት ስም አልጠራም። መዝገብ የልጆች ምስጢር ነውና። የምናገረው ግን ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ እስከ እንጦጦ ግርጌ ያለውን ሰፈር የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀውን ነው።

የተራራው ግርጌ ሰፈር

ጉለሌ የሚለው ስም ከአዲስ አበባ ይቀድማል። ከከተማዋ መቆርቆር በፊት በእንጦጦ ሥር ይኖር የነበረው የቱለማ ኦሮሞ ጎሣ መጠሪያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን መጀመሪያ በእንጦጦ አድርገው በኋላ በ1879 ዓ.ም. ወደ ታች፣ ወደ ፍል ውኃው ሲወርዱ፣ በተራራውና በአዲሱ ከተማ መካከል ያለው ተዳፋት መተላለፊያ ሆነ። ቤተ ክህነቱ፣ ወታደሩና ባለ እጁ በዚያ ተዳፋት ላይ ሰፈሩ። የባሕር ዛፍ ተተክሎ ተራራው ሲለብስ ደግሞ ጭራሮና ቅጠል ተሸክሞ ወደ ከተማ መውረድ የብዙ ደሃ ሴቶች እንጀራ ሆነ።

ከሁሉ በላይ ግን የሰፈሩን መልክ የሠራው የእጅ ሥራ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳና በዙሪያው ተሰባስበው ከተማውን አለበሱ። በቀጨኔ ደግሞ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች ለረጅም ዘመን በማኅበራዊ ንቀት ሥር ኖረዋል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551 ነዋሪ ስትቆጥር የጉለሌ ክፍለ ከተማ ድርሻ ከ267 ሺህ በላይ ነበር፤ ከአሥር ነዋሪ አንዱ ማለት ነው። በዚያው ቆጠራ የጋሞ ተወላጆች ከከተማው ሕዝብ 2 ከመቶ እንኳ አልሞሉም። በሽሮ ሜዳ አካባቢ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ግን ይህ የከተማ አማካይ ምንም አይነግረውም። ሕዝብ በአማካይ አይሰፍርም፤ በሙያ፣ በዘመድና በቤት ኪራይ አቅም ተሰባስቦ ነው የሚሰፍረው። የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ የሚቀዳውም ከዚያ ነው።

ጥቂቶች የተቀመጡበት ወንበር

ዘመናዊ ትምህርት በ1900ዎቹ መባቻ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች፣ ተማሪዎቹ በአብዛኛው የመኳንንትና የቤተ መንግሥት ሰዎች ልጆች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. ከስድስት ኪሎ ብዙ ሳይርቅ የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የበላይ ተቆጣጣሪነት ሥራውን ሲጀምር በሩን ሰፋ አደረገ። በ1920ዎቹ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ደግሞ ለሴቶች ልጆች መንገድ ጠረገ። ሁለቱም ከጉለሌ ተዳፋት በእግር የሚደረስባቸው ነበሩ። ይሁንና ቅርበት መግቢያ አይደለም። የሸማኔውና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግድግዳውን እያየ ያልፍ ይሆናል እንጂ መዝገቡ ላይ ለመግባት አባቱ የሚያውቀው ሰው፣ ቤተሰቡ የልጁን ጉልበት የሚተውበት አቅም ያስፈልገው ነበር።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀው የጣልያን ወረራ ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ፤ ከተማረው ጥቂት ትውልድም ብዙዎችን ፈጀ። ከነፃነት በኋላ ትምህርት እንደገና ሲጀመር መንግሥት የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ መምህር፣ የጤና ረዳት፣ የጦር መኮንን። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ቢሮ መግቢያ ደጅ ሆነ። ስለዚህም ፈተና የማጣሪያ ወንፊት እንጂ የመማር መለኪያ አልነበረም። ሕዝቡ «ሚኒስትሪ» ብሎ የሰየመው የስምንተኛ ክፍል ፈተና በሰዎች ትዝታ ውስጥ እንደ ሠርግ ቀን የሚታወሰው ለዚህ ነው። ያለፈ ልጅ ከአንድ መደብ ወደ ሌላ መደብ ይሻገር ነበር።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ ሲካሄድ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአህጉሩ ለሁሉ እንዲዳረስ ግብ ተቀመጠ። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ግን በተማሪ ተሳትፎ ከአህጉሩ የመጨረሻዎቹ ተርታ ነበረች። ብዙዎቻችን «የድሮ ትምህርት» እያልን የምናወድሰው የዚህን ዘመን ትምህርት ነው። በእርግጥ ጥሩ መምህራን ነበሩት፤ መጽሐፍና የሞቀ ሥነ ሥርዓት ነበረው። ነገር ግን የፈተነው ማንን እንደሆነ እንጠይቅ። አንደኛ ክፍል ከደረሱት ጥቂቶች መካከል ስምንተኛ ክፍል የደረሱትን እጅግ ጥቂቶች ነበር። ያልተመዘገበ ልጅ አይወድቅም። ሮስተር ላይ ያልሠፈረ ሰው አማካይ አይቀንስም። የዚያ ዘመን ከፍተኛ ውጤት ግማሹ ምስጢር ያለው በመቅረት ነው።

ፈረቃ

የካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ ከቁጣቸው ምክንያቶች አንዱ «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» በመባል የሚታወቀው ጥናት ነበር። ጥናቱ ትምህርትን ለብዙኃን ለማዳረስ ሲል አብዛኛው ልጅ በአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲወሰን ይመክር ነበር። ወላጆችና መምህራን ግን በሌላ መልኩ አነበቡት፦ የደሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቀራል፤ የባለጸጋ ልጅ ይቀጥላል። ጥናቱ ተነሳ። ጥያቄው ግን አልተነሳም። ለሁሉም በቂ ወንበር በሌለበት አገር ብዙዎችን በጥቂቱ ማስተማር ይሻላል ወይስ ጥቂቶችን በብዙ?

አብዮቱ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ፈረቃ ነበር። አንዱ ክፍል ጧት ለአንድ ቡድን፣ ከሰዓት ለሌላ ቡድን ሆነ። የልጆች ቁጥር አደገ፤ የእያንዳንዱ ልጅ የትምህርት ሰዓት ግን ተቆረጠ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ማንበብ የጥቂቶች መብት አለመሆኑን በየቀበሌው አወጀ። እናት በማታ ፊደል ስትቆጥር ልጅን ከትምህርት ማስቀረት የሚያሳፍር ነገር እየሆነ መጣ።

የጉለሌን መዝገብ በተመለከተ ግን ከትምህርት አዋጆች ይልቅ የቤት አዋጁ ብዙ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ኪራይ ቤቶችን ወደ መንግሥትና ወደ ቀበሌ አዞረ። ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፈልበት የቀበሌ ቤት ሸማኔውን፣ ዘበኛውን፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውንና አስተማሪውን በአንድ ግቢ ለአሥርተ ዓመታት አጣምሮ አቆየ። የግል ትምህርት ቤቶችም ወደ ሕዝብ ስለዞሩ የእነዚህ ሁሉ ልጆች አንድ በር ይገቡ ነበር። የዚያ ዘመን መዝገብ የወላጅን ሥራ ቢጽፍ ኖሮ በአንድ ገጽ ላይ የማይገናኙ ሙያዎችን ባነበብን ነበር። ክፍሉ ጠባብ፣ መጽሐፉ ለሦስት፣ ሰዓቱ ግማሽ ቀን ነበር። ነገር ግን በአንድ ወንበር ላይ ቤቱ መጽሐፍ ያለው ልጅና ቤቱ መጽሐፍ የሌለው ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። በኋላ ያጣነው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ የምናጣውም ሳናስተውለው ነበር።

ፈረቃ ሌላም ያልታሰበ ውጤት ነበረው፤ ሥራን ከትምህርት ጋር አስታረቀ። ልጁ ጧት ከሸማው ጉድጓድ አጠገብ፣ ከሰዓት ከሰሌዳው ፊት ይውል ዘንድ ተቻለ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲወረውር ማጉን በቀሰም ላይ የሚያጠነጥንለት ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ግማሽ ቀን ትምህርት ባይኖር ይህ ልጅ ጭራሽ ባልተመዘገበ። ስለዚህ ፈረቃ የትምህርትን ጥራት ቀነሰ የሚለው ፍርድ እውነት ቢሆንም ሙሉ እውነት አይደለም። ለአንዳንዱ ልጅ ምርጫው ሙሉ ቀን ወይም ግማሽ ቀን ሳይሆን ግማሽ ቀን ወይም ምንም ነበር።

የመውጫው በር

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አደረገ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን መርሕ አድርጎ አጸደቀ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ያለ ድግምት መዛወርን ፈቀደ፤ የግል ባለ ሀብትም ትምህርት ቤት እንዲከፍት በሩን ከፈተ። የመስፋፋቱ ፍጥነት በየትኛውም መለኪያ አስደናቂ ነው። በ1987 ዓ.ም. ጠቅላላ የአንደኛ ደረጃ ተሳትፎ 26 ከመቶ ገደማ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ከአንድ እስከ ስምንተኛ ክፍል 3.7 ሚሊዮን የነበረው ተማሪ ከሃያ ዓመት በኋላ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

በአዲስ አበባ ግን ሁለት ወንዞች በተቃራኒ አቅጣጫ ፈሰሱ። አቅም ያለው ቤተሰብ፣ ከዚያም መጠነኛ ገቢ ያለው፣ በኋላም ከጉሮሮው የሚቀንሰው ሳይቀር ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ወሰደ። ምክንያቱ ለሁላችንም ግልጽ ነው፤ የግሉ ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ ያስተምራል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ቅድመ መደበኛ ክፍል በስፋት እስኪከፍት ድረስ በከተማው አጸደ ሕፃናት ማለት በአብዛኛው ክፍያ ማለት ነበር። ስለዚህ ሁለት የሰባት ዓመት ልጆች አንደኛ ክፍል ሲገቡ አንዱ የሦስት ዓመት ትምህርት ይዞ፣ ሌላው እርሳስ መያዝ እየተለማመደ ነበር። በወጡት ወንበር ላይ ከገጠር በቅርብ የመጡ ልጆች፣ ከዘመድ ጋር የሚኖሩ፣ በሰው ቤት የሚያገለግሉ ተቀመጡ። የቤት ልማቱና የመልሶ ማልማቱ ሥራም ከመሐል ከተማ ነባር ቤተሰቦችን ወደ ዳር ሲያዛውር በአንድ ዓመት ውስጥ የሰፈርን ስብጥር ይለውጣል። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ርዕሰ መምህሩ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሲፈርም ይውላል።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር እንዴት እንደሚያታልል ላሳይ። በአዲስ አበባ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሴት ተማሪዎች ቁጥር ከወንዶች በልጦ ኖሯል። ሪፖርት አንባቢ «የጾታ እኩልነት ተረጋግጧል» ብሎ ያልፋል። መዝገቡን ገልጦ የአሳዳጊውን ዓምድ ያየ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፦ ከእነዚህ ልጃገረዶች ስንቶቹ ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ? ከገጠር መጥተው በዘመድ ወይም በአሠሪ ቤት ልጅ እያዘሉ፣ እንጀራ እየጋገሩ የሚማሩ ሴቶች የዚህ ብልጫ አንዱ ምንጭ ናቸው። ቁጥሩ የእኩልነትን ያህል የስደትንም ታሪክ ይዟል።

ሸማ፣ ቋንቋና ቁርስ

እንግዲህ የዛሬው መዝገብ የሚነግረንን ከዛሬው ሮስተር ጋር እናገናኝ። ሦስት ነገሮችን ብቻ እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው የሥራ ቀን መቁጠሪያ ነው። የሀገር ልብስ ገበያ የሚደራው በበዓላት ዋዜማ ነው። ለገናና ለጥምቀት የሚሸጠው የሚሠራው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ለፋሲካ የሚሸጠው በዐቢይ ጾም ወራት ነው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ደግሞ በጥር ይሰጣል። ስለዚህ የሸማኔው ቤት ትንፋሽ በሚያጥረው ወቅት ነው ልጁ ለፈተና መዘጋጀት የሚኖርበት። መምህሩ በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱ ግን ምክንያት አይጽፍም። ከጋሞ ደጋ ለሸማ ሥራ ከወላጆቻቸው ተለይተው የመጡ ሕፃናት ጉዳይ ደግሞ ከቤተሰብ እገዛ አልፎ የጉልበት ብዝበዛ እንደሚሆን በጥናትም በሕግም የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ቢመዘገብ እንኳ በሮስተሩ ላይ የሚታየው ዝቅተኛ ቁጥር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኗል፤ በከተማችን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ከዶርዜ የመጣ ልጅ በቤቱ የራሱን ቋንቋ፣ በክፍሉ አማርኛ ይማራል፤ አማርኛውን አደላድሎ ሲያበቃ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይጠብቁታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ካትሊን ሂውና ካሮል ቤንሰን ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ለትምህርት ሚኒስቴር ያካሄዱት ጥናት እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሒሳብና ሳይንስ የተማሩ ልጆች የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳይቷል። ተከስተ ነጋሽም ትምህርታችን ከቀውስ ወደ ውድቀት አፋፍ ደርሷል ብለው በ1998 ዓ.ም. በጻፉት መጽሐፍ እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ ማድረግን አጥብቀው ተችተዋል። በአዲስ አበባ የአማርኛ ተናጋሪውም ልጅ ቢሆን ሰባተኛ ክፍል ላይ ይሰናከላል። የጉለሌ ሸማኔ ልጅ ግን ሁለት ጊዜ ይሰናከላል፤ ሁለቱም እንደ አንድ «ደካማ ውጤት» ይቆጠርበታል።

ሦስተኛው ረሃብ ነው። ለብዙ ዓመታት በከተማው መምህራን ዘንድ የሚታወቀው፣ በሪፖርት ውስጥ ግን የማይጻፈው ነገር ልጆች በባዶ ሆድ ክፍል ውስጥ ራሳቸውን መሳታቸው ነበር። በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ «የእናት ወግ» የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር በተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ምገባ ጀመረ። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ሥራውን ተረክቦ 300 ሺህ ገደማ ለሚሆኑ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁርስና ምሳ፣ የደንብ ልብስና ደብተር ማቅረብ ያዘ። ይህ ለታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ምገባ የተማሪውን ሆድ ብቻ ሳይሆን መዝገቡንም ይለውጣልና። የልጁን ቁርስና ምሳ የቆጠረ ወላጅ የግል ትምህርት ቤቱን ክፍያ እንደገና ያሰላል፤ ልጁን ለሥራ ያስቀረ ወላጅም ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ከ2012 በፊትና በኋላ ያለውን አማካይ ውጤት ለማወዳደር የምትነሱ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ። ምገባው ከዚህ በፊት የማይመጡትን ልጆች ካመጣ አማካዩ ላይወጣ፣ እንዲያውም ሊወርድ ይችላል። ያ ግን የፕሮግራሙ ክስረት ሳይሆን ትርፉ ነው።

አማካይ የሚደብቀው

ይህን በቀላል ሒሳብ ላስረዳ። ለምሳሌ ያህል አንድ ክፍል 40 ተማሪ አለው፤ አማካያቸው 60 ነው እንበል። በሚቀጥለው ዓመት ነባሮቹ በርትተው አማካያቸው 64 ሆነ። በዚያው ዓመት ግን ከዚህ ቀደም ትምህርት ቤት ያልረገጡ ሌሎች 40 ልጆች ገቡና አማካያቸው 40 ሆነ። የክፍሉ አማካይ አሁን 52 ነው። ነባሮቹ ተሻሽለዋል፤ አዲሶቹም ከምንም ተነሥተው 40 ደርሰዋል፤ ማንም አልወደቀም። ሪፖርቱ ግን «ውጤት በ8 ነጥብ አሽቆለቆለ» ይላል።

የአገር አቀፉ የትምህርት ቅበላ ምዘና በዚህ ዓይን ሊነበብ ይገባዋል። የአራተኛ ክፍል አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. 47.9፣ በ1996 ዓ.ም. 48.5፣ በ2000 ዓ.ም. 40.9 ከመቶ ነበር። ቁልቁለቱ የመጣው ሚሊዮኖች ለመጀመሪያ ጊዜ በገቡባቸው ዓመታት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ብዬ ማቆም አልችልም። በ2002 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አንዲት ቃል ያላነበበን ልጅ «የስብጥር ለውጥ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። መዝገቡ ምክንያት ይሰጣል እንጂ ምሕረት አያደርግም።

በዓለም ደረጃም ክርክሩ በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ሲወዛወዝ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1966 ጄምስ ኮልማን በአሜሪካ ባቀረበው ዝነኛ ጥናት የልጁ ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ ከቤተሰቡ ሁኔታ ጋር እንደሚተሳሰር ደመደመ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሃይነማንና ሎክስሊ 29 አገሮችን አነጻጽረው በደሃ አገሮች የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት ድርሻ ይበልጥ እንደሚከብድ አሳዩ። የኋላ ኋላ ብዙ ክርክር ቢነሣበትም ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ቤቱ መጽሐፍ ለሌለው ልጅ ትምህርት ቤቱ ብቸኛው መጽሐፍ ነው። የጉለሌ የመንግሥት ትምህርት ቤት መዝገብ በደሃ ልጆች መሞላቱ ለዝቅተኛ ውጤት ማመካኛ ሊሆን አይገባም፤ የተሻለ መምህርና ብዙ ሰዓት እዚያ ለመመደብ የሚያስገድድ ምክንያት እንጂ።

ጥር 2015 ዓ.ም. በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ደነገጠ። ያ ቁጥር በአንድ ቀን አልተፈጠረም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንደኛ ክፍል ከተከፈተ መዝገብ ጀምሮ የተጻፈ ነው። ፈተናው እንዳይሰረቅ መጠበቁ ተገቢ ነበር፤ እውነቱንም አሳየን። ነገር ግን የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አንብቦ በመጽሐፉ ላይ መፍረድ የታሪክ ሰው ሥራ አይደለም።

መዝገቡን ማዳን

ንግግሬን በሦስት ሐሳቦች ልቋጭ።

አንደኛ፣ የትምህርት ቤቶቻችን አሮጌ መዝገቦች የታሪክ ቅርሶች ናቸው። ስም ሲለወጥ፣ መነን «የካቲት 12»፣ ተፈሪ መኮንን «እንጦጦ» ሲባል፣ ከፍተኛና ቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማና ወረዳ ሲዋቀር፣ አሮጌ ግንባታ ሲፈርስ ወረቀት ይጠፋል። ነገሥታትና አዋጆች ዜና መዋዕልና ነጋሪት ጋዜጣ አላቸው። የሸማኔ ልጅ ስሙ በመንግሥት ወረቀት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ የአንደኛ ክፍል መዝገብ ላይ ነው። ያ መዝገብ ሲቃጠል የአንድ ሰፈር ሕዝብ ታሪክ ይቃጠላል። እዚህ ያላችሁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመመረቂያ ርዕስ ስትፈልጉ ከቤተ መዛግብት በፊት ወደ ትምህርት ቤት ቢሮ ጎራ በሉ፤ የልጆችን ስም እየሸፈናችሁ ገጹን አንብቡ።

ሁለተኛ፣ ውጤት በሚቀርብበት ሪፖርት ሁሉ የገቢው ሁኔታ ጎን ለጎን ይቅረብ። ስንቶቹ ቅድመ መደበኛ ተምረዋል? ስንቶቹ በዚህ ዓመት በመልቀቂያ መጡ? ስንቶቹ ከወላጅ ጋር ይኖራሉ? በቤት የሚናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው? እነዚህ ዓምዶች ልጅን ለመለያየት ከዋሉ አደጋ ናቸው፤ ለመርዳት ከዋሉ ግን ዓይን ናቸው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በአራት ክልሎች 3,000 ሕፃናትን እስከ ጉልምስና የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» ጥናት አንድን ልጅ ለዓመታት መከተል አንድን ዓመት ብቻ ከመቁጠር ምን ያህል እንደሚሻል አሳይቷል። ትምህርት ቤት ይህን በራሱ መዝገብ ሊያደርገው ይችላል። ልጁ ሲገባ የነበረበትንና ሲወጣ የደረሰበትን መጻፍ ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚመዘን እንደገና እናስብ። መራጭ የሆነ ትምህርት ቤት ጎበዝ ልጅ ተቀብሎ ጎበዝ ልጅ ያስወጣል፤ ይህ ምርት ሳይሆን ማስተላለፍ ነው። ማንንም የማይመልሰው የሰፈር ትምህርት ቤት ግን በታኅሣሥ ማግ ሲያጠነጥን የሚያድረውን፣ በሰው ቤት የምታገለግለውን፣ ትናንት ከገጠር የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ ፊደል ያስቆጥራል። የእነዚህ ልጆች 50 ከሌሎች 80 የሚከብድበት ጊዜ አለ። ሮስተሩ ብቻውን ክብደቱን አይነግረንም፤ ሚዛኑ ያለው መዝገቡ ላይ ነው።

የድሮው ትምህርት ቤት በር ጠባብ ስለነበረ ውጤቱ አማረ። የዛሬው በር ሰፍቷል፤ ይህ የመቶ ዓመት ትግል ፍሬ ነው። አሁን የቀረን በሩን መልሰን ማጥበብ ሳይሆን፣ ገብቶ ለተቀመጠው ልጅ ከበሩ ወዲህ የሚገባውን መስጠት ነው።